ፒኤስጂ ወይስ ኢንተር? (የጓደኛዬ 5,000 ብርም አለበት)

ሰሞኑን ስልኬ የሚጮኸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ማን ይበላል?» ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ብቻ የሻምፒዮንስ ሊጉን ዋንጫ ማን እንደሚያነሳ አስቀድሜ የማውቅ የሚመስላቸው ጓደኞች አሉኝ። አብዛኞቹን በቀልድ እሸኛቸዋለሁ። አንዱን ግን መሸኘት አልቻልኩም። ዕቁብ ደርሶት ከብሩ ላይ 5,000 ቆንጥሮ ፒኤስጂ ላይ ሊያስይዝ ነው። «አንተ የአርሰናል ደጋፊ ነህ፣ ፒኤስጂን ዘንድሮ ሦስቴ ቁጭ ብለህ አይተኸዋል፣ እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ማለት ይሄ ነው።

እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ቅዳሜ ግንቦት 23 ከምሽቱ 4 ሰዓት ሙኒክ ላይ ከሚገናኙት ሁለት ቡድኖች የተሻለ ኳስ የሚጫወተው ፒኤስጂ ነው። ይህን መናገር ለአርሰናል ደጋፊ ቀላል አይደለም። መስከረም ላይ ለንደን መጥተው 2 ለ 0 ስናሸንፋቸው «እነዚህ ልጆች ገና ናቸው» ብዬ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ሲመለሱ ዴምቤሌ በ4ኛው ደቂቃ አስቆጠረብን፣ ፓሪስ ላይ ደግሞ 2 ለ 1 ሸኙን። አዎ፣ ዶናሩማ ባይኖር ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ይህን እስክሞት እከራከራለሁ። ግን የመሀል ሜዳውን ማን እንደያዘው ያየ ሰው ያውቃል።

ከመስከረም ወዲህ ምን ተለወጠ? መጀመሪያ ጥርን እናስታውስ። ፒኤስጂ ከውድድሩ ገና በመጀመሪያው ዙር ሊሰናበት ተቃርቦ ነበር። ማንችስተር ሲቲ ፓሪስ ላይ 2 ለ 0 ሲመራቸው ብዙዎቻችን ቻናል ለመቀየር አስበን ነበር። 4 ለ 2 አሸነፉ። ደረጃቸው 15ኛ ሆኖ አለፉ፣ ከዚያ ብሬስትን በድምር 10 ለ 0፣ ሊቨርፑልን አንፊልድ ላይ በመለያ ምት፣ አስቶን ቪላን በድምር 5 ለ 4 አሰናበቱ። በዚያው ጥር ክቫራትስኬሊያ ከናፖሊ መጣ። ሉዊስ ኤንሪኬም ዴምቤሌን ከመስመር አውጥቶ መሀል ላይ አቆመው። ዴምቤሌ ዘንድሮ ከ30 በላይ ጎል አለው። ባርሴሎና እያለ ጎል ፊት ሲደርስ አይናችንን የምንጨፍንበት ዴምቤሌ!

ስለዚህ ቡድን ሲወራ አንድ ተረት አለ። «ኮከቦቹን ሸኝተው በርካሽ ልጆች ተሳካላቸው» የሚለው። ኔይማርን በ2017 በ222 ሚሊዮን ዩሮ ገዝተው፣ ሜሲን ጨምረው፣ ምባፔን ይዘው ያላገኙትን ምባፔ በነጻ ማድሪድ በሄደ ማግስት ሊያገኙት ነው፣ ስለዚህ ገንዘብ ዋጋ የለውም ይባላል። ተረቱ ግማሹ እውነት ነው። ርካሹ የቱ ነው? ክቫራ ብቻውን 70 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጥቶበታል፣ የ19 ዓመቱ ዱዌ 50 ሚሊዮን። የተለወጠው ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ነው። ድሮ አንድ ሰው ላይ ይከመር የነበረው አሁን ኳስ ሲነጠቅ አስር ሆነው ለሚሮጡ ልጆች ተከፋፈለ። ቪቲኒያ፣ ጆአኦ ኔቬስ እና ፋቢያን ሩይዝ መሀል ላይ ኳሷን ሲቀባበሉ ያየ፣ የኔይማር ዋጋ ለምን እንዳልሰራ ይገባዋል።

ኢንተር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ባለቤቱ የነበረው የቻይናው ሱኒንግ ብድሩን መክፈል አቅቶት ክለቡን አምና ለአሜሪካው ኦክትሪ አስረክቧል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቡድን የሚሠራው እኛ መርካቶ ልብስ እንደምንገዛው ነው፤ ዞር ዞር ብሎ፣ ተከራክሮ፣ ሌላው የተወውን አንስቶ። ቻልሃኖግሉ በነጻ መጣ። ሚኪታሪያን በነጻ። ማርከስ ቱራም በነጻ። አቼርቢ 37 ዓመቱ ነው፣ ዞመር እና ሚኪታሪያን 36። ይህ ቡድን በመጀመሪያው ዙር በ8 ጨዋታ አንድ ጎል ብቻ ነው የገባበት። ባየርን ሙኒክን በራሱ ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ያ ሜዳ ቅዳሜ ፍጻሜው የሚደረግበት ነው። ከዚያ ባርሴሎናን በድምር 7 ለ 6።

የባርሴሎናው የመልስ ጨዋታ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የቅዳሜው ፍርሃቴ እዚያ ውስጥ ነው። ኢንተር 2 ለ 0 መርቶ 3 ለ 2 ተመራ። 90 ደቂቃው አልቆ ጭማሪው ሲሮጥ፣ የ37 ዓመቱ ተከላካይ አቼርቢ የአጥቂ ቦታ ላይ ቆሞ ኳሷን ጣሪያው ላይ ሰቀላት። እኔ የነበርኩበት ቤት ወንበር ተሰብሯል። ፍራቴሲ በ99ኛው ደቂቃ ጨረሰው። እንዲህ ያለውን ቡድን «አርጅቷል» ብሎ ማጣጣል ይከብዳል።

ግን ያንኑ ጨዋታ ደግማችሁ እዩት። በሁለት ጨዋታ 6 ጎል ገባባቸው፣ ዞመርም ተአምር ሲሠራ ነው ያመሸው። ያማል በግራ መስመራቸው በኩል ዲማርኮን ሲያሰቃየው ነበር። ቅዳሜ ዲማርኮ ፊት ለፊቱ ዱዌን ወይም ባርኮላን ያገኛል፤ ከኋላው ደግሞ ሃኪሚ ይመጣበታል። ሃኪሚ በ2021 ከኢንተር ጋር የጣሊያንን ሊግ ያነሳ ልጅ ነው፣ ቤቱን ያውቀዋል። የኢንዛጊ ሦስት ተከላካዮች ዴምቤሌን ተከትለው ወደ መሀል ከወጡ ከኋላቸው ሜዳ ይከፈታል፣ ካልወጡ ደግሞ ቪቲኒያ አራተኛ ሰው አግኝቶ ይጫወታል። ይህን እንቆቅልሽ ሊቨርፑልም አርሰናልም አልፈቱትም።

ኢንተር የሚያሸንፍበት መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ በደንብ አለ። የማዕዘን ምት! ዱምፍሪስ ባርሴሎና ሜዳ ላይ ያገባቸው ሁለቱም ከማዕዘን የመጡ ናቸው፣ ፓቫርድም የቀድሞ ክለቡን ባየርንን በግንባር የገጨው ከማዕዘን ነው። የፒኤስጂ ልጆች ቁመታቸው አጭር ነው፣ ዶናሩማም ምት በማዳን ጎበዝ በግንባር ኳስ ግን ሲወላውል አይተነዋል። ጨዋታው እስከ 70ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ከሄደ እኔ በኢንተር በኩል ነኝ።

ድካሙንም አንርሳ። ፒኤስጂ የፈረንሳይን ሊግ መጋቢት ላይ ጨርሶ እግሩን ሲያሳርፍ ከርሟል። ኢንተር እስከ መጨረሻው ቀን ታግሎ ሊጉን በአንድ ነጥብ ለናፖሊ አስረክቧል፣ በጣሊያን ዋንጫም ሚላን 3 ለ 0 አሰናብቶታል። ሦስት ዋንጫ ሲያሳድድ የነበረ ቡድን አንድ ብቻ ቀርቶታል። ያ ወይ ይገድላል ወይ ያነሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ኢስታንቡል ላይ በሮድሪ ጎል ከተሸነፈው ቡድን ባስቶኒ፣ ባሬላ፣ ዲማርኮ፣ ላውታሮ አሁንም አሉ። ፒኤስጂም የ2020 ቁስል አለው፤ ያኔ ጎሉን ያገባባቸው ኮማን ራሳቸው ያሳደጉት የፓሪስ ልጅ ነበር። ማርኪንሆስ ያን ቀን ሜዳ ላይ ነበር።

(ለጥንቆላ ወዳጆች፦ ሙኒክ ከተማ ላይ ከዚህ በፊት በተደረጉት አራት ፍጻሜዎች ያሸነፉት ኖቲንግሃም ፎረስት፣ ማርሴይ፣ ዶርትሙንድ እና ቼልሲ ናቸው። አራቱም ዋንጫውን ሲያነሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚህ ፍጻሜ በፊት ኢንተር ሦስት ነበረው፣ ፒኤስጂ ምንም።)

ወደ 5,000ው ብር ልመለስ። እኔ ፒኤስጂ ዋንጫውን ያነሳል የምለው ከመቶ 60 ያህል ነው። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ገባሁ!» አለ። ቆይ። አብዛኛው ሰው ቲኬት የሚቆርጠው ለ90 ደቂቃው ውጤት ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ ፒኤስጂ በተጨማሪ ሰዓት ቢያሸንፍ፣ እሱ እየጨፈረ ቲኬቱ ተበልቷል። በ90 ደቂቃ ለፒኤስጂ የምሰጠው 45፣ ለአቻ 28፣ ለኢንተር 27 ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል ኦዱን 2.10፣ 3.40 እና 3.60 አድርጉት። አንድን ለእያንዳንዱ አካፍሉና ደምሩ፤ 100 መሆን ሲገባው 105 ገደማ ይመጣል። ያ ትርፍ አምስት የቤቱ ነው፣ ኳሷ ሳትነካ የተቆረጠ። የኔ ግምት ትክክል ነው ብንል እንኳን፣ 5,000 በ2.10 ሲመታ 10,500 ነው፣ የዚያ 45 በመቶ 4,725። ግብሩን ሳንቆጥር በአማካይ 275 ብር ከፍሎ ነው የሚገባው። ስለ ኳሱ ልክ ሆኖ በብሩ መክሰር ይቻላል።

ይህን በናፕኪን ላይ ጽፌ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና ትክክለኛውን ነገር ነገረኝ፦ ባለፉት ወራት የተበላው ብዙ ነው፣ ይቺ እሱን ትመልስልኛለች ብሎ ነው። እዚህ ጋ ኳሱ አለቀ ማለት ነው። የተበላው ብር ሄዷል፤ ዱዌ በዲማርኮ ቢያልፍም ባያልፍም ከቅዳሜው ጨዋታ ጋር አይተዋወቅም። ፒኤስጂ ራሱ የኔይማርን 222 ሚሊዮን ለማስመለስ ሲል ሌላ ኔይማር ቢያሳድድ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበር። ይህን ስለው ሳቀ፣ «አንተ ደግሞ» አለኝ።

የተስማማነው 200 ብር ላይ ነው። የቀረውን እህቱ ጋ አስቀምጧል፣ እስከ እሁድ ጠዋት እንዳትሰጠው ነግሯታል። እኔ ብር የለኝም፣ ግምት ግን አለኝ፦ ፒኤስጂ 2 ለ 1፣ የኢንተሯ ጎል ከማዕዘን ምት። ካሸነፉ ደግሞ ቢያንስ በሻምፒዮኑ ነው የተሸነፍነው እያልኩ ክረምቱን እገፋዋለሁ።