«ቦርዱ ሄዷል»... ወዴት?

ጎበዝ፣ በዚህች ከተማ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህማ ጭራሽ ብሶበታል። እቁብ የደረሳት ትገዛለች፤ አረብ አገር እህት ያለችው ይላክለታል፤ የቀረነው የሱቅ መስታወት እያየን እናልፋለን። እንዲህ ተለፍቶ የተገኘ ዕቃ ታዲያ ዊንዶውስ ሲጫንበት መሐል ላይ ቀጥ ይላል። የጥገና ቤቱ ልጅ ሦስት ደቂቃ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያየውና ፍርዱን ይሰጣል፦ «እህት፣ ቦርዱ ሄዷል።»

ወዴት ነው የሄደው?

በከተማችን ጥገና ቤቶች የሚታወቁት ፍርዶች ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛው «ቫይረስ ነው»፣ ሁለተኛው «ፎርማት ይደረግ»፣ ሦስተኛው ሁለቱ አልሠራ ሲሉ የሚመጣው «ቦርዱ ሄዷል»። ይግባኝ የለም። ማስረጃ የለም። ዳኛው ራሱ መርማሪ፣ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ደግሞ የሚተካውን ዕቃ ሻጭ ነው። ኧረ በሕግ አምላክ!

የኔ ክርክር አጭር ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን የቆመ ዊንዶውስ «ተበላሽቷል» አይባልም፤ «የት ላይ ቆመ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጋዜጠኝነት ስንማር ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ጭንቅላታችን ውስጥ የከተቱብን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴትን ነው። «የት» እና «ለምን» የሌለበት ዜና አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። «የት» እና «ለምን» የሌለበት ምርመራ ግን መገናኛም ቦሌም በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል። የሚያናድደው ደግሞ መልሱ ድብቅ አለመሆኑ ነው። የሚቆምባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ምክንያታቸውም የታወቀ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ዲስኩ «የጠፋበት»

መጫኛው ይነሳል፣ ቋንቋ ይመረጣል፣ ከዚያ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ባዶውን ይመጣል። አዲሱ ኤስ.ኤስ.ዲ. የለም። «ዲስኩ ሞቷል!»

ቆይ፣ ቀብሩን አታስቸኩሉት። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ (እ.ኤ.አ. 2020) ጀምሮ በወጡ ብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ቪ.ኤም.ዲ. የሚባል ነገር አለ። በፕሮሰሰሩ በኩል ዲስኩን የሚያስተዳድር ክፍል ነው። እሱ ሲበራ ኤስ.ኤስ.ዲው ለዊንዶውስ በቀጥታ አይታይም፤ ከቪ.ኤም.ዲ. ጀርባ ነው ያለው። በሩን የሚከፍተው የኢንቴል ድራይቨር ደግሞ ከማይክሮሶፍት በወረደው መጫኛ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ዲስኩ በሕይወት አለ፤ የሚያስተዋውቀው ሰው ነው የጠፋው።

መፍትሔው? በሌላ ኮምፒዩተር ወደ ላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ገብቶ፣ የሞዴሉን ስም ፈልጎ፣ የኢንቴል አር.ኤስ.ቲ. ድራይቨርን ማውረድ ነው። ከታሸገበት ፈትቶ ፍላሽ ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ እዚያው ባዶ ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን መጫን። ወይም ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቪ.ኤም.ዲ.ን ማጥፋት። ይኼ ሁለተኛው መንገድ ግን ባዶ ዲስክ ላይ ነው የሚያምረው። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖበት የመጣ ከሆነና ቪ.ኤም.ዲ.ን ካጠፋችሁት፣ የነበረው ዊንዶውስ አልነሳም ሊል ይችላል። ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባዮስ ሲነካካ ባለ 48 አሃዝ የማስከፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁጥሩን ሳይዙ ባዮስ መነካካት ቁልፍ ቤት ውስጥ ትቶ በር እንደ መዝጋት ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ስሙን የማልጠራው ጥገና ቤት «ዲስኩ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ» አላት። ገዛች። አዲሱም አልታየም! ያኔ ነው ጥፋቱ ወደ ቦርዱ የተዛወረው። ባዮስ ተከፍቶ ሲታይ ግን ዲስኩ ስሙንና መጠኑን አስጽፎ ቁጭ ብሏል። ባዮስ ያየውን ዲስክ መጫኛው ካላየው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራይቨር ነው እንጂ ቦርድ አይደለም። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ማውዙ «የሞተበት»

ይኼኛው የድሮ ናፋቂዎች ችግር ነው። «ሰባት ይሻላል፣ ቀላል ነው» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ዊንዶውስ 7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ከኢንቴል 6ኛ ትውልድ (እ.ኤ.አ. 2015) ጀምሮ ደግሞ ቺፕሴቶቹ የድሮውን የዩ.ኤስ.ቢ. 2 ተቆጣጣሪ ትተው ሁሉንም ነገር በዩ.ኤስ.ቢ. 3 ተቆጣጣሪ በኩል አደረጉት። ዊንዶውስ 7 የዩ.ኤስ.ቢ. 3 ድራይቨር ይዞ አልተወለደም። ስለዚህ አዲስ ዴስክቶፕ ላይ መጫኛው ይነሳና ቋንቋ ምረጡ ይላል፤ ማውዙም ኪቦርዱም ጸጥ። ባዮስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ዕቃዎች እዚህ ሲደርሱ ሬሳ ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት «ሄዷል» የተባለ ቦርድ ሁሉ ከተኛበት ቢነሳ መርካቶ አይበቃውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ዘግቷል፤ ለዊንዶውስ 10ም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንዲሁ አብቅቷል። አዲስ ዕቃ ላይ አሮጌ ሥርዓት በግድ አንጭንም።

መሐል ላይ ቀጥ ያለበት

ፋይል እየገለበጠ ሳለ ቆመ እንበል። ጥያቄው፦ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው የሚቆመው ወይስ በየጊዜው ይለያያል? እዚያው ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍላሹ ወይም የወረደው ፋይል ነው። መጨረሻው 80070570 የሆነ የስሕተት ቁጥር ከመጣማ መጫኛው ራሱ «ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ጎድሏል» እያለ ነው። በየጊዜው ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ራሙን እንጠርጥር፤ ሜምቴስት 86 የሚባል መመርመሪያ አለ፣ ሌሊቱን አብርቶ ማሳደር ነው።

ገበያችን ላይ ያለውን ፍላሽ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ላዩ ላይ የተጻፈበት ጊጋባይት ሌላ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሌላ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ከሆዱ በላይ ስትጭኑበት «ተገልብጧል» ይላችኋል፤ ፋይሉ ግን የለም። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ውሸቱን ታጋልጠዋለች። ሌላም አለ፦ አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች የሚነሱበት ፍላሽ ብዙውን ጊዜ በፋት 32 መሰናዳት አለበት፤ ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይዝም። የዊንዶውስ ዋናው ፋይል ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። በእጅ «ኮፒ ፔስት» ያደረገ ሰው ጎዶሎ መጫኛ ይዞ ነው የሚዞረው። የማይክሮሶፍት የራሱ ማዘጋጃ ወይም ሩፈስ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ጣጣ ይፈታሉ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

«ከኢንተርኔት ጋር ተገናኙ» ያለበት

እዚህ ላይ ዱላዬን ከጥገና ቤቱ ላይ አንስቼ ወደ ማይክሮሶፍት አዞራለሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11፣ የቤት እትሙ ከሆነ፣ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ካልሰጣችሁት አላሳልፍም ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ፕሮ የሚባለው እትምም ለግል አገልግሎት ሲዘጋጅ ይህንኑ መጠየቅ ጀመረ። አዲሱ ላፕቶፕ ያለው ዋይፋይ ካርድ ደግሞ አዲስ ነው፤ ድራይቨሩ መጫኛው ውስጥ የለም። ስለዚህ ዋይፋይ የለም። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ ፈዝዞ ያያችኋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ጭራሽ በሙከራ እትሞቹ ላይ ይህን ገጽ የሚያሻግረውን ትእዛዝ ማንሳቱን ኩባንያው ራሱ አስታወቀ። ሬድሞንድ ተቀምጦ ሁሉም ሰው ቤቱ ውስጥ የማይቋረጥ መስመር አለው ብሎ ማሰብ ይቻል ይሆናል። ጥቅሉ መቼ እንደሚያልቅበት የሚቆጥር ሰው ግን በገዛ ንብረቱ ለመጠቀም ለምን ፈቃድ ይጠይቃል?

ለጊዜው ማምለጫው እጃችሁ ላይ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ «ዩ.ኤስ.ቢ. ቴዘሪንግ» የሚለውን አብሩት፤ ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል። የኔትወርክ ገመድ ያለው ደግሞ ገመዱን ይሰካ።

የከፈላችሁበትን ጥለው የተሰረቀውን

ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው። ከዊንዶውስ 8 (እ.ኤ.አ. 2012) ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የሚወጡ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁጥራቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ትክክለኛውን እትም ከጫናችሁና ኢንተርኔት ካገኘ ራሱን ሕጋዊ ያደርጋል። የኛ ሰው ግን ምን ያደርጋል? ሒሳቡ ላፕቶፑ ዋጋ ውስጥ የተከፈለበትን ፈቃድ ትቶ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ «ክራክ» ይጭናል። ክራኩ እንዲሠራ መከላከያውን ያጠፋል። ከዚያ በሦስተኛው ወር ስትመለሱ ፍርዱ ምንድን ነው? «ቫይረስ ነው። ፎርማት ይደረግ።» ክቡ ተዘጋ!

መከራከሪያቸውን አልሰማሁም አትበሉኝ። «ደንበኛው በአንድ ሰዓት ጨርስልኝ ይላል፤ የሚከፍለኝ ለፎርማት ነው እንጂ ለምርመራ አይደለም፤ ድራይቨሩን የማወርደው በራሴ ጥቅል ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ሐኪም ቤት ስንሄድ ለካርድም ለላብራቶሪም እንከፍላለን፤ ቴክኒሻን ጋ ስንሄድ ግን «ዝም ብለህ እየው» ማለት እንወዳለን። ስለዚህ ለምርመራ እንክፈል። ግን ከከፈልን ደግሞ የምርመራ ውጤት እንፈልጋለን፦ የት ላይ ቆመ፣ ምን አለ፣ ምን ተሞከረ። ካርድ ላይ ሳይጽፍ እግር የሚቆርጥ ሐኪም የለም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለደብተራ ብቻ አይደለም።

ቦርድ አይበላሽም አላልኩም። ይበላሻል። ግን «ሄዷል» የሚለው ቃል የመጨረሻው መሆን አለበት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። እዚያ ከመድረሳችን በፊት አራት ነገሮችን እንጠይቅ። የቆመበት ገጽ ፎቶ ተነስቷል? ባዮሱ ዲስኩንና ራሙን ያያል? በሌላ ፍላሽና እንደ አዲስ በወረደ ፋይል ተሞክሯል? ድራይቨሩ የመጣው ከአምራቹ ድረ ገጽ ነው? አምስተኛ ከተፈለገ፣ መጫኛው ፊት ለፊት ሆናችሁ ሺፍት እና ኤፍ 10 ስትጫኑ ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ በዚያ በኩል ፓንተር የሚባል ፎልደር ውስጥ መጫኛው የሠራውንና የከሸፈበትን እየመዘገበ ያስቀመጠው ማስታወሻ ይገኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ኮምፒዩተሩ ግን በሽታውን አልደበቀም። ጽፎ አስቀምጦታል። ያላነበብነው እኛ ነን።

ነገሩ ደግሞ ከላፕቶፕ ያልፋል። ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ሲሉን ተመልሰን የምንመጣ ሕዝብ ሆነናል። የት ነው የሌለው? ለምን? መቼ ይመጣል? ብለን አንጠይቅም፤ የጠየቀውም እንደ ነገረኛ ይታያል። የጥገና ቤቱ ልጅ ያለ ማስረጃ መፍረድን የተማረው ከኛው ዝምታ ነው። እሱ የሚፈርድበት ዕቃ ደግሞ የአንዷ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሌላው የሥራ መሣሪያ፣ የሌላዋ እህት አረብ አገር ሰው ቤት የሠራችበት ላብ ነው።

እናም በሚቀጥለው ጊዜ «ቦርዱ ሄዷል» ሲላችሁ አትቆጡ፣ አትጩኹ። ረጋ ብላችሁ «ወንድሜ፣ የት ላይ እንደቆመ አሳየኝ» በሉት። ካሳያችሁ፣ ባለሙያ አግኝታችኋልና የድካሙን ክፈሉት። ካላሳያችሁ፣ ላፕቶፓችሁን አንሱና ውጡ።

ቸር እንሰንብት!