በሕሙማን ክፍል ስለ ሞባይል ስልክና ስለ እጅ ራዲዮ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ይህን አሳቤን በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በየሆስፒታሉ «ሞባይል ስልክ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ እናያለን። የሚያነበው ብዙ፥ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። ይህም ሰው ሁሉ ደንብ አፍራሽ ስለሆነ አይመስለኝም። አስታማሚ የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ወደ ፋርማሲ ሲዞር ነርሷ የምትጠራው በዚሁ ስልክ ነው። ስልክህን አጥፋ ማለትና ስንደውልልህ ፈጥነህ ድረስ ማለት እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። ስልክም ሆነ የእጅ ራዲዮ የሚሠራው ሞገድ በመልቀቅ ስለሆነ፥ ሞገዱ በቅርብ ወዳለው የሕክምና መሣሪያ ሽቦ ገብቶ የሐሰት ምልክት ሊፈጥር ይችላል። የልብ ምት መከታተያው የሌለ ምት ሊያሳይ፥ መድኃኒት እየለካ የሚሰጠው ፓምፕም ሊቆም ይችላል። በአሜሪካ በ1990ዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ የአካል ጉዳተኞች ወንበሮች በራዲዮ ሞገድ ሳቢያ ሳይታዘዙ እስከ መንቀሳቀስ ደርሰው ነበር።

ይሁን እንጂ አደጋው ከሁሉም መሣሪያ እኩል አይመጣም፤ የኛ ማስታወቂያ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ዎኪቶኪ የሚባለው የእጅ ራዲዮ ሲናገሩበት 4 ወይም 5 ዋት ያህል ይለቃል። የድሮው ዓይነት ስልክ በከፍተኛው 2 ዋት ሲሆን፥ በ3ጂና በ4ጂ የሚሠራው ግን ሩብ ዋት ያህል ቢደርስ ነው። በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 የሕክምና መሣሪያዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባደረገው ፍተሻም ከስልክ ይልቅ የእጅ ራዲዮ እጅግ ብዙ መሣሪያ አውኮ ተገኝቷል። በኛ ከተማ ግን፥ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፥ ጠያቂውን ሁሉ ስልክ የሚያስጠፋው ዘበኛ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ ቆሞ በራዲዮው ሲነጋገር ተመልክቻለሁ። ዘበኛውን አልወቅሰውም፤ የነገረው የለምና።

ፍጹም ክልከላ ሌላም ጣጣ አለው። የተከለከለ ሰው ስልኩን አያጠፋም፤ ይደብቀዋል። የሚደብቀውም በሕመምተኛው ትራስ ሥር ወይም በብርድ ልብሱ ውስጥ፥ ማለት ከፓምፑ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሞገዱ ብርታት በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፥ በመተላለፊያው ላይ በግልጽ ከሚነጋገረው ይልቅ ይህ የተደበቀው ያሰጋል። ደግሞም ስልክ ኔትዎርክ ሲደክምበት ኀይሉን ይጨምራል፤ ወፍራም ግድግዳና ምድር ቤት ያለበትን ሆስፒታል ያስቧል።

አዳዲስ መሣሪያዎች ይህን እንዲችሉ ሆነው መሠራታቸው እውነት ነው። በ2014 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለ የእጅ መሣሪያን ታሳቢ አድርጓል። በርዳታ የመጣው አሮጌ መሣሪያ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

በልባቸው ላይ ምት አስተካካይ የተተከለላቸው ሰዎች ጉዳይም አለ። በ2020 ከወጣው ከአይፎን 12 ወዲህ በአንዳንድ ስልኮች ጀርባ ማግኔት ስላለ፥ ስልኩን ከደረታቸው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር እንዲያርቁ ይመከራሉ። እኛ የቢሮ ሰዎች ስልክ በኮት የደረት ኪስ መያዝ እንወዳለንና ይህን ልብ ማለት ይገባል።

እንግዲህ የምለምነው፥ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ያንን ጽሑፍ አንሥተው «ከሕመምተኛው መሣሪያ 2 ሜትር ራቁ» የሚል እንዲለጥፉ፥ የዘበኞቹም ራዲዮ ከጽኑ ሕሙማን ክፍልና ከቀዶ ሕክምና ክፍል ርቆ እንዲቀር ነው። በመተላለፊያው ጫፍ፥ ኔትዎርክ በሚገኝበት መስኮት አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢቀመጥና «ስልክ እዚህ ይነጋገሩ» ተብሎ ቢጻፍ ወጪው ከአንድ ወንበርና ከአንድ ወረቀት አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ