የስኒው ሒሳብ፦ ቡና ሲወደድ ጀበና የምታፈላው እህት የምትጎዳው የት ላይ ነው?

ዛሬ የኒውዮርክን ዋጋ ለአፍታ እንተወውና ወደ መንገድ ዳር ረከቦት እንሂድ። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ገደማው የሚጠጣው እዚሁ አገር ቤት ነው። ስለዚህኛው ግማሽ ግን ብዙ አናወራም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ወረደ። በጥር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የኒውዮርክ አረቢካ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። ሁለቱ ተደራርበው የአገር ውስጡንም ዋጋ ይዘውት ወጡ። ያኔ ከነጋዴው የምሰማው ወሬ አንድ ነበር፦ «በዚህ ዋጋ ማን ቡና ይጠጣል? ጀበናዎቹ ሊዘጉ ነው።»

እኔ በዚህ አልስማማም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። 800 ግራም ተረፈ እንበል። ለአንድ ስኒ 8 ግራም ብንይዝ 100 ስኒ ይወጣዋል። ስለዚህ ጥሬው በኪሎ 100 ብር ቢጨምር፣ በስኒ የሚያርፈው 1 ብር ብቻ ነው። ጠጪው በ1 ብር ምክንያት ቡና አይተውም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? እኔ እንደማየው ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የስኒ ዋጋ በ1 ብር አይጨምርም። ዝርዝር የለማ! ሲጨምር በ5 ብር ነው የሚዘለው። እስኪዘል ድረስ ልዩነቱን የምትሸከመው እሷ ናት። በቀን 80 ስኒ የምትሸጥ ከሆነ በየቀኑ 80 ብር ከኪሷ ወጣ ማለት ነው። ቀድማ ብትጨምር ደግሞ ደንበኛው ማዶ ወዳለችው ይሻገራል። የቀራት መንገድ ማቅጠን ነው፤ ቶናውን በአቦል ስም መሸጥ። ይህ ለሳምንት ያዋጣል፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛ ያሸሻል።

ሁለተኛ፣ መንቀሳቀሻ ገንዘቧ ያንሳል። ለምሳሌ 2,000 ብር ያላት ሴት ቡናው በኪሎ 500 ሲሆን 4 ኪሎ ትገዛ ነበር፤ 800 ሲገባ 2 ኪሎ ተኩል ብቻ። ዋጋው እየወጣ ሲሄድ በሩብ ኪሎ ወደ መግዛት ትወርዳለች። በሩብ የሚገዛ ሰው ደግሞ በኪሎ ሲሰላ ከሁላችንም በላይ ነው የሚከፍለው። እናንተ በፈረሱላ ስታሰሉ እሷ በሩብ ኪሎ ነው የምታሰላው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፦ ዱቤ። ከቢሮ ወርዶ የሚጠጣው ሠራተኛ የሚከፍለው ደመወዝ ሲወጣ ነው። ወር ሙሉ ገንዘቧ በደንበኛ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ቡናው በዚህ መሃል ከጨመረ፣ የተመለሰላት ገንዘብ ያንኑ ያህል ቡና አይገዛላትም። ላኪው የባንክ ብድርና የሽያጭ ውል አለው። እሷ ያላት ዕቁብ ነው። የዕቁብ ዕጣ ደግሞ የዋጋ ንረትን ቀን ጠብቆ አይወጣም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እንደኔ ከሆነ እርዳታ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የአሻሻጥ ለውጥ ነው።

ለዩኒየኖች፦ ለኤክስፖርት የተዘጋጀ ቡና ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ እንደማይሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ለአገር ውስጥ የተመደበውን ግን በ5 ኪሎ ከረጢት፣ ለ15 ቀን በማይለወጥ ዋጋ፣ በዕቁብ ወይም በቁጠባ ማኅበር ለተሰባሰቡ ሴቶች መሸጥ ይቻላል። ከረጢቱ ላይ የመጣበት ወረዳ ይጻፍበት። ውጭ አገር ኤግዚቢሽን ድረስ ሄደን የቡናችንን መነሻ እናስተዋውቃለን፤ እዚህ ግን ጠጪው የጅማ ይሁን የሲዳማ ሳያውቅ ስኒውን ያስቀምጣል። «የዛሬው የሊሙ ነው» ብላ የምትቀዳ ሴት ዋጋ ሳትቀንስም ደንበኛ ትይዛለች። ከዚህ የተሻለ ማርኬቲንግ እኔ አላውቅም።

ለችርቻሮ ነጋዴዎች፦ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። የእሷ ስም የሚበላሸው በእናንተ ከረጢት ነው።

ለራሳቸው ለእህቶቻችን፦ ትርፍ የሚቆጠረው ነገ ቡና በሚገዛበት ዋጋ እንጂ ትናንት በተገዛበት አይደለም። ከዕለቱ ሽያጭ መጀመሪያ የነገው ቡና ይነሳ፣ ከዚያ ዕቁቡ፣ ከዚያ ቤቱ። ዱቤውም ከወር ወደ ሳምንት ይውረድ።

«ለ5 ኪሎ ማን ይደክማል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። 40 ሴቶች በ15 ቀን 5 ኪሎ ቢወስዱ 2 ኩንታል ነው፤ በወር 4። እውነት ነው፣ 19 ቶን ከሚጭነው ኮንቴይነር ጋር አይወዳደርም። ግን በእጅ በእጅ የሚከፈል፣ መርከብ የማይጠብቅ፣ በየ15 ቀኑ የሚመለስ ደንበኛ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ደግሞ በአንድ ከተማ ውስጥ ስንት ሊኖር እንደሚችል ቁጠሩት።

የኒውዮርክ ዋጋ እንደወጣ አይቀርም፤ መውረዱ አይቀርለትም። ያኔ ገዢ ፍለጋ የምንዞረው ወደዚሁ ገበያ ነው። ዛሬ ያልያዝነው ደንበኛ ያን ቀን አይጠብቀንም።

ይህን የሞከረ ዩኒየን ወይም ነጋዴ ካለ ልምዱን ከታች ያካፍለን።