ሞተር ከመክፈት በፊት



ሰሞኑን ጎረምሶቻችን በየግቢው አሮጌ ኮሮላ ላይ ቱርቦ ለመግጠም ተነሥተዋል። ነገሩ ይገባናል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ መኪናው አቀበት ላይ ያቃስታል። ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ግን ቤንዚኑም በልኩ ካልተጨመረ ፒስተን ይቀልጣል፤ ዘይት በደንብ ካልደረሰው ቱርቦው ራሱ ይቃጠላል። ፍሬኑስ? የተሠራው ለድሮው ጉልበት ነው።

ያቺ መኪና ጠዋት ሥራ የምታደርስ፣ የቤቱ እንጀራ ናት። ስለዚህ ልጆች፣ መጀመሪያ ከሚያውቅ መካኒክ ጋር ተማከሩ፤ ዕቃው ሳይሟላ ሞተር አትክፈቱ። የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ አይደፋ፤ ማታም ሞተር እያስጮኻችሁ ሕመምተኛና ሕፃን አትቀስቅሱ። አደራ!

የማኅበሩ ጸሐፊ