የይፋግ ወይን ወዴት ገባ?

ይፋግ ዛሬ ለብዙዎቻችን ከአዲስ ዘመን አጠገብ ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። ቀድሞ ግን የሲራራ ነጋዴ የሚሰፍርባት ታላቅ ገበያ ነበረች፤ አካባቢዋም በወይን ተክሉ የታወቀ ነበር። በ1760ዎቹ ዓ.ም. ጐንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚያ አገር ወይን ጽፏል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ግን በሽታ ገባና ተክሉን አጠፋው። ዛሬ ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ እንኳ ከሱቅ ይገዛል።

ይህን ስናነሣ «የእግዚአብሔር ቍጣ ነው፤ ምን ይደረግ?» የሚሉን አሉ። ነገር ግን በዚያው ዘመን የፈረንሣይም ወይን አመድ በሚመስል በሽታ ተመታ፤ ድኝ ነስንሰው አዳኑት። ቀጥሎ ሥር የሚበላ ተባይ መጣባቸው፤ የራሳቸውን ወይን ተባዩን በሚችለው በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አዳቅለው ተረፉ። መቅሠፍት በሁሉም አገር ይወርዳል፤ ልዩነቱ ከገበሬው ጐን የሚቆም የተማረ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

«ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» የሚለውንም ክስ አንቀበልም። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ፎገራ ገባ፤ በክረምት ውኃ የሚቋጥረው ሜዳ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሩዝ አገር ሆነ፤ ወረታም የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆመባት። ገበሬው አይቶ የጠቀመውን ይይዛል።

እርግጥ ወይን እንደ ሩዝ በዓመቱ አይደርስም፤ ሦስት ዓመት ያህል ያስጠብቃል። አንድ ጥማድ መሬት ያለውን ሰው «እህልህን ትተህ ወይን ትከል» ማለት ግፍ ነው። ውኃ የሚተኛበት ዋልካም ለወይን አይሆንም። እኛ የምንለው ተዳፋቱና የጓሮው ዳር ይሞከር ነው። ጥበቡ ከባድ አይደለም፤ ከጠነከረ ሐረግ ሦስት አራት ዓይን ያለው ቍራጭ ተወስዶ ሁለቱ ዓይን መሬት ይገባል፤ ፍሬው በበጋ እንዲበስል ክረምት ሲወጣ ይገረዛል። በዝዋይ አጠገብ ካስቴል የተባለው የፈረንሣይ ድርጅት ከአገሩ ባመጣው ችግኝ ያለማው ወይን በ2006 ዓ.ም. ገበያ ወጣ። የባዕድ ገንዘብ የሞከረውን የይፋግ ትምህርት ቤት ጓሮ ለምን አይሞክረውም?

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ መግረዝ አናውቅም። ይሁን እንጂ ለዕረፍት አገራችን ስንገባ ሽማግሌ ጠይቀን፥ በየደብሩ የቀረ ሐረግ እንዳለ ፈልገን፥ ለግብርና ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማድረስ አያቅተንም። የጐንደርን ግንብ ታሪክ እየጻፍን በጥላው ሥር የበቀለውን ብንረሳ የተማርነው እኩሌታውን ብቻ ነው።