ዳታ ያለው ይናገራል



ባለፈው እሁድ የማኅበረሰባችን ስብሰባ በዙም ነበር። ለልጆቻችን ትምህርት የተዋጣው ገንዘብ ለምን ይዋል የሚል ነው። እጄን አውጥቼ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ልናገር የነበረው የሁለት ሴንየር ፎር ተማሪዎች የፈተና መመዝገቢያ ሊያልፍ ሦስት ቀን እንደቀረው ነው። «ቀጥል መምህር» ሲሉኝ ዳታዬ አለቀ። ካርድ ገዝቼ ስመለስ ገንዘቡ ለደንብ ልብስ እንዲውል ተወስኗል። የወሰኑት አብዛኞቹ ቤታቸው ዋይፋይ ያላቸው፣ ውጭ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። ክፉ አስበው አይደለም። የእኛን ድምፅ ግን አልሰሙም።

«ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ነው እንጂ የመናገር መብት አይደለም» የሚለኝ ሰው አለ። አልስማማም። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ዋትስአፕና ፌስቡክ ለሚጠቀም ሰው በቀን 200 ሽልንግ ግብር ጣለች። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ግብሩን ሲጠይቁ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወራውን «ሉጋምቦ» ብለውት ነበር፤ ሐሜት ማለት ነው። በጁላይ 2021 ያ ግብር ቀርቶ በምትኩ ዳታ ላይ 12 በመቶ ተጣለ። ሕጉ ለትምህርትና ለሕክምና የሚውለውን ዳታ ነፃ ያደርጋል። እኔ ግን ከሰፈር ሱቅ ፓኬጅ ስገዛ ለትምህርት ነው ወይስ ለሐሜት ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ትግራይ በ2013፣ አማራ ክልል በ2015 ኔት ሲቋረጥ ጮኸናል፤ ደግሞም ትክክል ነበርን። ፓኬጅ ሲያልቅ ግን የሚቋረጠው የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ነው። ማንም መግለጫ አያወጣለትም።

ሌላም ጉዳት አለው። 100 ሜጋባይት የቀረችው ሰው ርዕሱን ያነባል እንጂ ቪዲዮውን አይከፍትም። እውነት ይሁን ውሸት የሚያጣራበት ዳታ የለውም። ርዕሱን አይቶ ይናደዳል፣ ለሌላው ያስተላልፋል። ሰፈራችን በወሬ የሚታመሰው ሰዉ ሞኝ ስለሆነ አይደለም።

ካርድ ላኩልን ማለቴ አይደለም። ውጭ ያላችሁ፣ ላይቭ ስትገቡ ዋናውን ነገር በአምስት መስመር ጻፉልን። ስብሰባ ስትጠሩ ውሳኔውን አንድ ቀን አሳድሩት፤ መስመር የተቋረጠበትም ሐሳቡን በጽሑፍ ይላክ። እዚህ ያለን ደግሞ «ዳታ አልቆብኝ ነው» ለማለት አንፈር። ዝም ስንል የተስማማን ይመስላቸዋል።

የሁለቱ ልጆች ነገር እስከ ረቡዕ ጊዜ አለው። ዛሬ ማታ በጽሑፍ እንነጋገርበት። ይህንንም ያለ ፎቶ የለጠፍኩት በጥቂት ዳታ እንዲከፈትላችሁ ብዬ ነው።