ሶሌታው ሳይጠና አትጫኑት

ደለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው፤ ከፊቴ ብዙ መኪና ስላለ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሾፌር ወንድማችን ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ራሱ ግን «ጻፈው፣ ሌላው ይማርበት» ብሎኛል። ሐኪሙ ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ክብደት ቀንስ ይለዋል። እሱም ሁሉን በአንድ ወር ሊጨርስ ተነሳ። 12 ሰዓት ሲነዳ ውሎ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጂም ይገባል፤ በሳምንት ሰባት ቀን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ስኳት ከልክ በላይ ሠራ። በማግስቱ ጭኑ አበጠ፣ ከዚያ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ጠቆረ። እሱ ግን መኪናውን አስነስቶ ሥራ ወጣ! ጎትታ ድንገተኛ ክፍል የወሰደችው ባለቤቱ ናት። ሐኪሞች ራብዶማዮሊሲስ ይሉታል፤ ከአቅሙ በላይ የተሠራ ጡንቻ ይፈርስና ፍርስራሹ በደም ተጉዞ ኩላሊትን ይጎዳል። ኩላሊቱ ተርፏል፣ ተመስገን።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ሶሌታ በተሞላ በሳምንቱ ባለቤቱ ይመጣና በእግሩ እየረገጠ «ይኸው ጠንክሯል እኮ፣ ካሳፎርማውን ንቀሉና ወደ ላይ ቀጥሉ» ይላል። ሲረግጡት እውነትም ጠንካራ ነው። ነገር ግን የኮንክሪት ጥንካሬ የሚሰላው በ28ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ጆንያ አልብሰን ውሃ እናጠጣዋለን። ለሚያየው ሥራ የቆመ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ሥራውን እየሠራ ነው። ቸኩለህ ከጫንከው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ያኔውኑ ላይታይ ይችላል። ሰውነትም እንደዚያው ነው። ብረት ስታነሳ ጡንቻህን በጥቂቱ እየጎዳኸው ነው፤ የሚጠገነውና የሚጠነክረው ስታርፍና ስትተኛ ነው።

ሯጮቻችን ይህን ያውቁታል። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ተከታትለው ዝግ ብለው ሲሮጡ ያየ ሰው «ዓለምን የሚያሸንፉት እነዚህ ናቸው?» ሊል ይችላል። ከከባድ ልምምድ ማግስት ሆን ብለው ነው የሚዘገዩት።

«ቁጭ ብለህ ነው የምትውለው፣ ምን ያደክምሃል?» የሚሉን አሉ። ወገብ ታስሮ፣ ዓይን መንገድ ላይ ተተክሎ፣ ምሳ መሪ ላይ ተበልቶ 12 ሰዓት መዋል እረፍት አይደለም። እዚህ አገር የጭነት መኪና ሾፌር 11 ሰዓት ከነዳ 10 ሰዓት በተከታታይ እንዲያርፍ ሕግ ያስገድደዋል። ኡበር እንኳ 12 ሰዓት ከነዳህ ለ6 ሰዓት ይዘጋብሃል። እኛስ? አንዱ ሲዘጋብን ሌላውን አፕ እንከፍታለን። (አትሳቁ፣ ብዙዎቻችን አድርገነዋል።) አሁን ደግሞ በላዩ ላይ ጂም ጨመርንበት።

እኔም አምና ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የልብ ምቴን እቆጥራለሁ፤ 62 የነበረው 74 ደረሰ። ይደክመኛል፣ እንቅልፍ ግን አይወስደኝም። ልጆቼ ላይ በሰበብ አስባቡ እጮኻለሁ። የማነሳው ክብደትም ቀነሰ። መፍትሔው ጠንክሮ መሥራት መስሎኝ ጨመርኩበት። አንድ ሌሊት 66 ላይ ስነዳ ዓይኔ ተከደነ፤ የነቃሁት ጎማው ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ ሲያንገጫግጨኝ ነው። ከኋላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ ተኝታ ስለነበር አላወቀችም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ችግሩ እረፍት ለእኛ የጎደለ ገንዘብ ሆኖ መታየቱ ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ አለ፤ ተኝቶ መዋል ያሳፍረናል። ያንኑ ሒሳብ ይዘን ነው ጂም የገባነው። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ስኳርን ያዛባል።

ስፖርት ተዉ አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህ ማለት ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። እዚሁ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ በመኪኖቹ ዙሪያ ብንመላለስ እንኳ ብዙውን እንጨርሰዋለን። እኔ ብረት የማነሳው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ከ10 ሰዓት በላይ የነዳሁ ቀን ጂም አልረግጥም።

ያ ወንድማችን ከሆስፒታል እንደወጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጂም መቼ ልመለስ?» ብሎ ነው። ሐኪምህን ጠይቅ አልኩት፤ አኮረፈኝ። ቤቱ ነው ያለው፣ ደውሉለት።